ተጋድመው የኖሩ ጠርሙሶች

ሰውዬውን የሰደበው ታላቅ ወንድሙ ነው። ቀኑ ቅዳሜ፣ ሰዓቱ ከምሳ በኋላ፣ ቦታው ደግሞ ወንድሙ የዚያን ዕለት ያስመረቀው አዲስ ቤት ሳሎን፣ ከሰፊው መስኮት ሥር ነበር። የወንድሙ ሚስት ዘመዶች ነበሩ፤ የመሥሪያ ቤቱ አለቆች ነበሩ፤ የቤተሰቡ ሐኪምም እግሩን አጣምሮ ተቀምጧል። ማን የት እንደተቀመጠ፣ ማን ቀድሞ እንደሳቀ፣ ማን ሳቁን በመሐረብ እንደሸፈነ ዛሬም ቢጠይቁት ሳይሳሳት ይናገራል።

ይዞ የሄደው ስጦታ አንድ ጠርሙስ የጃፓን ውስኪ ነበር። ከራሱ ስብስብ መርጦ፣ በጨርቅ ወልውሎ፣ በሚያብለጨልጭ ወረቀት ጠቅልሎ ነው የወሰደው። ወንድሙ ወረቀቱን ቀደደና ጠርሙሱን ወደ ብርሃን አነሳው። ፊቱን አየ፣ ጀርባውን አየ።

"ጃፓን ሬዲዮ እንደምትሠራ አውቃለሁ" አለ ለእንግዶቹ። "ውስኪ ትሠራለች ሲል የሰማሁት ግን ይሄን ወንድሜን ብቻ ነው።"

ሰው ሳቀ። ሐኪሙ፣ ሰውዬው እዚያው ቆሞ ሳለ እንደሌለ ቆጥሮ፣ "ሥራው ምንድነው?" ብሎ ወንድሙን ጠየቀ።

"የጠርሙስ ዘበኛ ነው" አለ ወንድሙ። "ቀን የሚሠራበትን ሆቴል ጠርሙስ ሲጠብቅ ይውላል፣ ማታ ቤቱ ገብቶ የራሱን ይጠብቃል። አይጠጣው፣ አያጠጣው። ምን እንደያዘም አያውቅ።"

ሰውዬው የቀረበለትን በላ፣ አመሰገነ፣ ወጣ። ሲወጣ በወጥ ቤቱ በር በኩል ያመጣው ጠርሙስ መሬት ላይ፣ ከወለል ማጽጃው ጎን ተቀምጦ አየው። ይህም ከሌሎቹ ቂሞች ጋር ሆዱ ገባ። ሌላ ሰው ፎቶ እንደሚያስቀምጥ እሱ ቂም ያስቀምጣል፤ አይጥለውም፣ አያውሰውም፣ አቧራ አያስነካውም።

ከሁሉም ሥር ያለው የልጅነቱ ነው። አባታቸው ሁለት ልጅ ማስተማር አቃተውና አንዱን መረጠ፤ የተመረጠው ታላቅየው ነው። እሱ ስምንተኛ ክፍል ላይ ደብተሩን አጥፎ ሆቴል ተቀጠረ፣ የመጠጥ እቃ ቤት ውስጥ። ቀጥሎ ያለው የሆቴሉ የወይን ጠጅ ኃላፊ ያተረፈለት ቂም ነው። ሰውዬው ገና በገባ ሰሞን የወይን ጠርሙሶቹን እንደ ዘይት አቁሞ ደርድሯቸው ቢያገኘው፣ አስተናጋጆቹን ጠርቶ በእነሱ ፊት፣ "የዚህ ልጅ ጭንቅላት ቡሽ ነው፤ እሱ ቢደርቅ ግድ የለኝም፣ የወይኔ ቡሽ ግን ሊደርቅብኝ አይገባም። ቡሽ ያለው ጠርሙስ ይተኛል። ሁሉም ይተኛል" አለው። ከዚያ ወዲያ ቡሽ ያለው ጠርሙስ በእሱ እጅ ቆሞ አድሮ አያውቅም። አንድ ሰው ሁለቴ በአንድ ነገር እንዲሰድበው የሚፈቅድ ሰው አልነበረም።

የጃፓኑን ውስኪ መሰብሰብ የጀመረው ማንም ስላልፈለገው ነው። አንድ አስመጪ ለሆቴሉ የሰጠው ሳጥን የሚያዝዘው ጠፍቶ እቃ ቤት ተጣለ። በኋላ ለሠራተኛ በርካሽ ይሰጥ ሲባል ሌላው የስኮትላንዱ ላይ ተሻማ፤ እሱ የተረፈውን አነሳ። ፊደሉን ወደደው። በብሩሽ የተጣለ ወፍራም ጥቁር ፊደል ነው፣ ማንበብ የማይችለው። ባለማንበቡም ከማንም አያንስም ነበር፤ ታላቅ ወንድሙም አያነበው፣ ሐኪሙም አያነበው። እንዲህ ያለ እኩልነት የትም አግኝቶ አያውቅም። ቀስ በቀስ ከሚዘጉ ቡና ቤቶች፣ አገራቸው ከሚገቡ እንግዶች፣ ስጦታ አስመስለው ሸክም ከሚያራግፉ ሰዎች እየተቀበለና እየገዛ አከማቸ። ከሁሉም የሚበልጥበት አንድ ነበረ። ከጥቁር ያላነሰ ቡናማ መስታወት፣ ቡሹ በቀይ ሰም የታሸገ፣ የራሱ የእንጨት ሳጥን ያለው። ሠሪው ፋብሪካ ከተዘጋ ቆይቷል አሉት። ያንን ሳጥኑ ውስጥ እንዳለ አጋድሞ ከራስጌው በኩል አልጋ ሥር አኖረው።

ከዚያ ዘመን ተገለበጠ። ሰው ሁሉ የጃፓን ውስኪ አለ። ባሩ ላይ የሚቀመጡ ነጋዴዎች ሬዲዮ ይሠራል ሲባል የኖረውን አገር ስም እንደ ጸሎት ይደጋግሙ ጀመር። የተዘጋው ፋብሪካ ጠርሙስማ ጨረታ ላይ በወጣ ቁጥር ወሬው ጋዜጣ ላይ ይወጣል። ሰውዬው ይህን ሁሉ ሲሰማ አልፈነጠዘም፤ የሚፈልገው አንድ ነገር ብቻ ነበር። ታላቅ ወንድሙ፣ በዚያው ሰው ፊት፣ ሐኪሙ ባለበት፣ "ተሳስቼ ነበር፤ ወንድሜ የያዘውን ያውቅ ነበር" እንዲል። ይቅርታ አላማረውም። ያቺን ቃል ብቻ።

ጡረታ ከወጣ በኋላ ጉልበቱ ደከመ። ጎንበስ ብሎ አልጋ ሥር ማየት ራሱ ሥራ ሆነበት።

"ወይ ጠጣቸው ወይ ሽጣቸው" አለችው ሚስቱ አንድ ቀን፣ መጥረጊያውን እንደያዘች። "አልጋ ሥር ጠርጌ ልሙት።"

"ሽታቸው ደስ አይልሽም?"

"ደስ አለኝ አላለኝ ማን ጠይቆኝ ያውቃል። ሰው ቤቴ ሲመጣ የምትጠጣው እሷ ናት ብሎ ነው የሚሄደው።"

እውነቷን ነው፤ መኝታ ቤታቸው ከዓመት ዓመት ውስኪ ውስኪ ይሸታል። እሱ ሽታውን ይወደዋል። ጥሩ መጠጥ በቡሹም በሰሙም አልፎ ራሱን ያሳውቃል ብሎ ነው የሚያምነው። አንዳንድ ጠዋት ከእንቅልፉ ሲነቃ ሽታውን ወደ ውስጥ ስቦ፣ አሉ፣ ደህና ናቸው ይል ነበር በልቡ።

በመጨረሻ ለጨረታ ሊያቀርባቸው ተስማማና ጠርሙሶቹን በፎጣና በአሮጌ ሹራብ ጠቅልለው በሁለት ሻንጣ ከተቱ። ባለ ሰሙን ግን እቅፉ ላይ አድርጎ ታክሲ ተሳፈረ።

የጨረታ ድርጅቱ የግምት ክፍል ጠባብ ነበር። አንድ ረጅም ጠረጴዛ፣ ላዩ ላይ አረንጓዴ ጨርቅ፣ ባትሪ፣ ማጉያ መነጽር፣ ማስመሪያ። ግድግዳውን ተደግፈው እስከ ጣራ የሚደርሱ ሳጥኖች። ገማቿ ከዓይኗ ሥር የጠቆረች፣ ሻይዋ ፊት ለፊቷ የቀዘቀዘባት ሴት ናት። ሰው ሲገባ ቀና ሳትል "ግቡ፣ ግቡ" ትላለች።

"አባቴ፣ ቁጭ ይበሉ" አለችው። "እነዚህን ሁሉ ራስዎ ነው የሰበሰቧቸው?"

"ማን ይሰበስብልኛል ልጄ።"

ፈገግ አለች። እያንዳንዱን ጠርሙስ ታቆመዋለች፣ እጇን ታነሳለች፣ ዝም ብላ ትጠብቃለች። ውስጡ ያለው መጠጥ እስኪረጋ ነው። ከዚያ ከጀርባው ባትሪ ታበራለች፤ መጠኑ አንገቱ ላይ ነው ወይስ ትከሻው ላይ፣ ማስመሪያዋን ይዛ ታያለች። የተለጠፈው ወረቀት ጠርዙ ተነስቶ እንደሆነ በጥፍሯ ሳይሆን በዓይኗ ትፈትሻለች። ሰውዬው እጁን ጭኑ ላይ አድርጎ ይመለከታታል። መጀመሪያ የመጡት ክዳናቸው የሚጠመዘዝ፣ እሱም ብዙ የማይኮራባቸው ነበሩ። "ይሄ ጥሩ ነው" ትላለች። "ይሄም ጥሩ ነው። ንጹሕ ነው፣ ሞልቷል።" ልቡ እየሰፋ ሄደ። እነዚህ እንዲህ ከተባሉ ባለ ሰሙ ምን ሊባል ነው።

ባለ ቡሾቹ ላይ ስትደርስ ንግግሯ ቀነሰ። አንዱን አየች፣ ወደ ጎን አደረገችው። ሌላውን አየች፣ እሱንም ወደዚያው ወሰደችው።

"አባቴ፣ እንዴት ነበር የሚያስቀምጧቸው?"

ይህን ጥያቄ ሲጠብቅ ነው የኖረው። ቀና ብሎ ተቀመጠ።

"አስተኝቼ ነዋ። ሌላው ሰው እንደ ዘይት ያቆማል፤ እኔ ቡሽ ያለውን አንድ ቀን አቁሜ አላውቅም። የወይን ጠጅ ሰዎች ናቸው ያሳዩኝ። ቡሹ ከደረቀ አየር ይገባል።"

ገማቿ ባትሪዋን አጠፋች።

"ለወይን ልክ ነው" አለች ቀስ ብላ። "ወይን ለስላሳ ነው፤ ቡሹን ያረጥበዋል እንጂ አይጎዳውም። ውስኪ ግን ኃይለኛ ነው። ዓመት ሙሉ ቡሹ ላይ ከተኛ ይበላዋል። ውስኪ መቆም አለበት። ይህን ስህተት የሚሠሩት ደግሞ ጠርሙስ መንከባከብ የሚወዱ ሰዎች ናቸው፤ ግድ የሌለው ሰው ጥግ ላይ አቁሞት ይረሳዋል፣ እሱ ይተርፋል።"

ሰውዬው የሰማው ነገር ቶሎ አልገባውም፤ ከገባው በኋላም ሌላ ሰው ላይ የደረሰ ነገር መሰለው።

"ይሄኛው እንኳን ሰም አለው" አለና የእንጨቱን ሳጥን ወደ እሷ ገፋው።

ከፈተችው። የሳጥኑ ገበር አንድ ጎኑ ቡናማ ሆኖ ደርቋል። ጠርሙሱን አውጥታ አቆመችው፣ ጠበቀች፣ ባትሪውን አበራች። መስታወቱ ጥቁር ስለሆነና ወረቀቱም ሰፊ ስለሆነ ያለ ባትሪ ምንም አይታይም፤ ብርሃኑ ሲያርፍበት ግን ውስኪው ከትከሻው ወርዶ ወርዶ ከወረቀቱ መሐል ላይ ቆሟል። ላዩ ላይ የቡሽ ፍርፋሪ እንደ ገለባ ይዋኛል። ሰሙ ቀይ ሆኖ፣ አምሮበት፣ በአንድ ወገኑ ፀጉር የምታክል ስንጥቅ አለችው።

ገማቿ አፍንጫዋን ወደ ሳጥኑ አስጠጋች።

"ሽታው አልመጣብዎትም ነበር?"

መጥቶበታል እንጂ። በየጠዋቱ ወደ ውስጥ ሲስበው የኖረው ይኸው ነው። አሉ፣ ደህና ናቸው እያለ ሲያመሰግንበት የነበረው ሽታ፣ ለካ የሚፈሰው ራሱ ኖሯል። ይህን ለልጅቷ አልነገራትም። "አፍንጫዬ ደክሟል" አላት።

"ሙሉ ቢሆን የዚህ ጨረታ አውራ እሱ ነበር" አለች። ድምፅዋ ውስጥ ንቀት የለም፤ ቢኖር ይሻለው ነበር፤ ንቀት የት እንደሚያስቀምጥ ያውቃል። "አሁን ለመጠጥ አይሆንም። ከቡሹ ጋር ኖሯል፤ ጣዕሙ ሞቷል። ግን ጠርሙሱንና ሳጥኑን ለመደርደሪያ የሚፈልግ ሰብሳቢ አለ። ጉዳቱን ጽፈን፣ መነሻ ዋጋውን ዝቅ አድርገን ልናስገባው እንችላለን። ወይ ደግሞ ይመልሱት።"

ተመልሶ ተሸክሞት ደረጃውን ሲወርድ፣ ታክሲ ሲጠብቅ፣ አልጋ ሥር ሊከተው ሲንበረከክ ታየው።

"አስገቢው" አላት።

ቤት ሲገባ ሚስቱ አልጋውን ከግድግዳው አርቃ ወለሉን አጥባ ነበር።

"ምን አሉህ?"

"ደህና ናቸው አሉ።"

"ሁሉም?"

"የሚጠመዘዙት።"

ሚስቱ የተጨመቀውን ጨርቅ ባልዲው ጠርዝ ላይ አንጠልጥላ ፊቱን አየችው። ከዚህ ሰው ጋር ብዙ ኖራለች፤ የቀረውን ከትከሻው አነበበችው።

"ያ ትልቁስ?"

"ውስኪ መተኛት የለበትም አሉ። መቆም ነበረበት።"

 ከዚያ አልጋው ጠርዝ ላይ ከጎኑ ተቀመጠች።

"ስታስተኛው ፎጣ ያቀበልኩህ እኔ ነኝ" አለች። "እኔንም ጨምረህ ተቆጣ።"

አልተቆጣም። ለመቆጣት የሚሆን ጉልበት ፈልጎ አጣ። አንድ ነገር ብቻ ጠየቃት፤ ለታላቅ ወንድሙ ለጋሼ ቤት ሰዎች እንዳትነግር።

"ምኑን? መሸጥህን ነግሬያለሁ። ለሚስታቸው ለእትዬ በስልክ ነግሬያት ደስ አላት። የተበላሸውን አልነገርኩም፤ የት አውቄው።"

በጨረታው ዕለት ሰውዬው ባይሄድ ይሻለው ነበር፤ ግን ቤት ቁጭ ማለትም አቃተው። አዳራሹ ከመከፈቱ በፊት ተጫራቾች እቃውን የሚያዩበት ሰዓት አለ። የመስታወት ሳጥኖቹ በግድግዳው ዙሪያ ተደርድረዋል፣ መብራቱ ደብዛዛና ሞቅ ያለ ነው። ባለ ሰሙ ጠርሙስ መሐል ላይ ቆሟል። በእንዲህ ያለ ብርሃን ቆሞ ሲያየው ይህ የመጀመሪያው ነው። ጥቁሩ መስታወት ምስጢሩን ይዞ፣ ሰሙ እንደ አዲስ እያበራ፣ ካየው ሁሉ በላይ ያምራል። ከሥሩ ባለችው ካርድ ላይ በደቃቅ ፊደል፣ የመጠን መጉደልና የቡሽ ጉዳት አለው፣ ባለበት ሁኔታ ይሸጣል የሚል ተጽፏል።

ከኋላው ትከሻው ላይ እጅ አረፈ።

"ጃፓናዊው" አለ ታላቅ ወንድሙ።

ፀጉሩ ነጭ ሆኗል፣ ካፖርቱ ውድ ነው፣ በአንድ እጁ ባለ ቁጥሩን የተጫራች ሰሌዳ ይዟል። ከጎኑ ሐኪሙ፣ እሱም አርጅቶ፣ ግን ያው ሐኪም፣ ካታሎጉን ገልጦ ቆሟል።

"ጋሼ፤ እርስዎ ደግሞ ከመቼ ወዲህ?" አለ ሰውዬው።

"ከመቼ ወዲህ ይለኛል። ዛሬ ውስኪ የማይሰበስብ የጡረታ እጩ አለ እንዴ? እኔም ጥቂት አሉኝ፤ ዶክተሩም አሉት፤ እሱ ግን ይጠጣቸዋል።"

"ለጤና ነው" አለ ሐኪሙ።

ሁለቱ ተሳሳቁ። ወንድሙ ወደ መስታወቱ ጠጋ አለ፤ እስትንፋሱ መስታወቱን ጉም አለበሰው።

"ያንተ ነው አሉኝ። አልጋ ሥር ነበር አሉ።" ራሱን ነቀነቀ። "እኔ እዚያ ቤት ስንት ጊዜ ገብቻለሁ። እላዩ ላይ ተቀምጬ ይሆናል እኮ።"



"ስማኝ" አለ ወንድሙ፣ ድምፁን ዝቅ አድርጎ። እንዲህ ባለ ድምፅ አናግሮት አያውቅም። "ጊዜዬን ሲያራዝሙልኝ ቆይተው በሚቀጥለው ወር ሥራ ልሰናበት ነው። ግብዣ አለኝ፤ እነዚያው ሰዎች ይመጣሉ፣ ቤቱን ሳስመርቅ የነበሩት፣ በሕይወት ያሉት ማለቴ ነው። ይህን ጠርሙስ ገዝቼ በእነሱ ፊት ልከፍተው ነው የመጣሁት። ለሁሉም ትንሽ ትንሽ። ያን ቀን ቀልጄብህ ነበር፤ አስታውሳለሁ። አንተ ረስተኸው ይሆናል።"

"ይሆናል" አለ ሰውዬው።

"እኔ አልረሳሁትም። እየቀዳሁላቸው፣ ተሳስቼ ነበር፣ ወንድሜ የያዘውን ያውቅ ነበር እላቸዋለሁ። አፌን ሞልቼ ነው የምለው።"

ያቺው ቃል። እሱ በልቡ ሲያጠናት የኖረችው ሳትጎድል ሳትጨምር መጣች፤ መጥታም ከዚህ ጠርሙስ ጋር ታሰረች። ሰውዬው የመስታወት ሳጥኑን ጠርዝ ያዘ።

"እዚህ ላይ የቡሽ ጉዳት ይላል" አለ ሐኪሙ ካታሎጉን ወደ ዓይኑ አስጠግቶ። "መጠኑም ጎድሏል ነው የሚለው።"

"እነሱ እንዲህ የሚጽፉት በኋላ እንዳይከሰሱ ነው" አለ ወንድሙ። "እኔም በሥራዬ ስንት እንዲህ ያለ ማስታወሻ ጽፌያለሁ። ለምን ወረቀት እንጠይቃለን፣ ባለቤቱ እዚህ ቆሞ።" ወደ ሰውዬው ዞረ። "እኔ ስለዚህ ነገር አላውቅም፤ ዶክተሩም አያውቅም፤ የምታውቀው አንተ ነህ። ሻጩ ነህ ብዬ አልጠረጥርህም፣ ወንድሜ ነህ። ንገረኝ። ይጠጣል?"

በዕድሜው ሁሉ ታላቅ ወንድሙ ምክር ጠይቆት አያውቅም። አሁን ጠየቀው፤ በሐኪሙ ፊት ጠየቀው። ይጠጣል ቢል ጠርሙሱ በዚያ ግብዣ ይከፈታል፤ ፍርፋሪው ብርጭቆ ውስጥ ይገባል፤ እንግዶቹ አፋቸውን ይጠርጋሉ፤ ወንድሙ ያቺን ቃል ተናግሮ ሳይጨርስ ይዋረዳል። እሱም ሐሰተኛ ይሆናል። አይጠጣም ቢልስ፣ ለምን ይባላል። እኔው አስተኝቼ ገደልኩት፣ ምን እንደያዝኩ አላውቅም ነበር ብሎ በገዛ አፉ ሊናገር ነው። ያኔ የተሰደበው ስድብ እውነት ነበር ብሎ ሊፈርም ነው። ሁለቱንም በአፉ ውስጥ ሞከራቸው፤ ሁለቱም መራራ ናቸው።

የአዳራሹ በር ተከፈተ፤ አንድ ሠራተኛ "ወደ መቀመጫችሁ፣ ልንጀምር ነው" እያለ አለፈ። ሰዎች መንቀሳቀስ ጀመሩ። ሐኪሙ ካታሎጉን አጥፎ ቀድሞ ሄደ።

"አንድ ቃል ነው" አለ ወንድሙ።  "አዎ በለኝ እጄን አነሳለሁ። አይ በለኝ ቁጭ እላለሁ።"

ሰውዬው የወንድሙን ፊት አየው። ለምን ያህል ጊዜ እንዳየው አላወቀም። ያን ቀን የሰደበው፣ የፈለገው ሰው እዚያ ውስጥ አልነበረም። የደከመው አንድ ሽማግሌ ነው የቆመው፤ ግብዣው እንዲያምርለት የሚፈልግ። በዚህ ሽማግሌ ላይ የሚሆን ቂም ሲፈልግ አላገኘም፤ የሚሆን ፍቅርም አላገኘም። የተሰማው ድካም ብቻ ነበር፤ ዕቃ ሲያወርድ የዋለ ሰው የሚሰማው ዓይነት። ያቺን ቃልም ቢሆን ከእንግዲህ አልፈለጋትም።

"ምነው፣ እያናገርኩህ አይደለም እንዴ?" አለ ወንድሙ።

ሰውዬው የካፖርቱን ቁልፍ አንድ በአንድ ቆለፈ። ወደ አዳራሹ የሚገባውን ሰው አሳልፎ፣ በተቃራኒው በኩል ባለው በር ወጣና፣ ጉልበቱን ለማሳረፍ በየደረጃው እየቆመ ወደ መንገዱ ወረደ።